የክትትል ቅጽ

ዲኑ ጠራኝ በጠዋት፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፤
«ባነር እናሠራለን፣ ቆጠራው ዛሬ ይለቅ።
ማዶ ያሉት ጽፈዋል ሰማንያ ሁለት፣
እኛ ዘጠና አናጣም፤ እስቲ በርታበት።»

የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮት ሾልኮ ገብቶ፣
ቀለሙን አርግቶት፣ አልጽፍ ብሎ እስክሪብቶ፣
ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅኩ ተቀመጥኩ፤
ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ስልክ፣ ከላይ ጀመርኩ።

ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፦ «ሥራ ያገኘ»፣
«ሥራ ያላገኘ»፣ እና «ያልተገኘ»።
ከዚህ የተረፈ ሰው አገር ላይ የለም፤
ወይ አግኝ፣ ወይ እጣ፣ ወይ ጥፋ ከዓለም።

የሺጥላ አነሣ። አካውንቲንግ፣ የባቹ አንደኛ።
ጣርማ በር ጉም ውስጥ ድንች ይሸጣል ለመንገደኛ።
«ሥራ አለህ?» ስለው ሳቀብኝ ጮክ ብሎ፦
«ሥራውስ ደርሶኛል፤ ደሞዙ ነው የቀረ መንገድ ላይ ውሎ!»
ዴቢት ክሬዲቱን ግን አልረሳም፤ በአንድ ደብተር
የሻጮቹን ዕቁብ ይዟል፣ ሳያጎድል ሳንቲም ከብር።
እስክሪብቶዬ ዞሮ ዞሮ «ያላገኘ» ላይ ቆመ።

እታፈራሁ ደግሞ ነርስ ናት፣ ደብረ ሲና፤
ፈተናውን አልፋ፣ ፈቃድ ይዛ፣ ቅጥር ትጠብቃለች ገና።
ትናንት ሌሊት አንዲት ጎረቤት ምጥ ጠንቶባት፣
አምቡላንስ ሳይደርስ፣ በስልኳ መብራት አዋለደቻት።
«ሕፃኑስ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ከቅጹ ወጥቼ።
«ያለቅሳል፣ ደህና ነው።» ደስ አለኝ፤ «ያላገኘች» አልኩ ስልኩን ዘግቼ።

ሞላልኝ የመንዝ ልጅ ነው፤ ስሙ ነው የሞላ።
ዕፅዋት ሳይንስ ተምሮ ያርሳል ካባቱ ኋላ።
ሁለት ዓመት ሙሉ አባቱ አኩርፈውት ኖሩ፣
«ለማረስማ እዚሁ ነበርህ» እያሉ ሲያማርሩ።
ዘንድሮ ግን ውርጭ ሲመታው ያገሩን ገብስ ሁሉ፣
የሱ ቀድሞ ደርሶ ተርፏል፤ «ዘሩን ከየት አመጣኸው?» ይላሉ።
እንዲህ የሚል ሳጥን የለም።
ጠርዙ ላይ በትንሹ «ገብስ» ብዬ ጻፍኩ።

በስንት ልፋት «ያገኘ» አንድ ሰው አገኘሁ፤
ግሩምነህ፣ ባንክ ቤት። «እንዴት ገባህ?» ብዬ ጠየቅሁ።
«በአጎቴ» አለና «ኮሌጁማ…» ብሎ ተወው።
ምልክት አደረግኩ። ምልክቱ አጎት አያውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ስልክ ላይ እናት ናቸው ያነሡ፦
«ስልኩን ጥሎልኝ ሄዷል፤ ባሕር ተሻግሯል መሰለኝ እሱ።
ከየት ነው?» አሉ። የኮሌጁን ስም ስነግራቸው
ድምፃቸው ቀና አለ፦ «ሥራ አገኛችሁለት እንዴ?» ምን ልበላቸው?
«የለም፣ እናቴ፣ ለቆጠራ ነው» ማለት አቃተኝ።
«ቆይቼ እደውላለሁ» አልኩ፤ አልደወልኩም፣ ከበደኝ።

ማታ አንድ ስም ቀረ፤ የራሴ ስም፣ ላቀው።
ስታቲስቲክስ፣ ያምና ምሩቅ። ሥራ፦ ሥራ ያላቸውን መቁጠር ነው።
ኮንትራት፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ። «ያገኘ» ላይ ጭረት፤
እስከ ሐምሌ አንድ ቀን ድረስ እኔም ስኬት ነኝ ማለት።

ሳምንት ሳይሞላ ባነሩ በሩ ላይ ተሰቀለ፤
«ዘጠና አንድ በመቶ»! የኔ ቅጽ ሠላሳ ስምንት ነበር ያለ።
ነፋሱ ይወጥረዋል፣ መልሶ ይለቀዋል።
ከሥሩ አንድ አባት ቆመዋል ከነልጃቸው፣ ከመሐል ሜዳ፣
ብር ቋጥረው በመሐረብ፣ ግማሹ ሙክት፣ ግማሹ ዕዳ።
«ልጄ፣ ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ፤ ቁጥሩ ላይ ነው ዓይናቸው።

የሺጥላ ሳቀ በጆሮዬ። ሕፃኑ አለቀሰ።
«ብርድ ነው፣ አባቴ፣ ይግቡ» አልኩ፤
በሩን ያዝኩላቸው።